አሮጌ ካምፐር ኤሌክትሪኩ ሲያስቸግር፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ጠዋት የካምፐራችሁን (አልጋና ምድጃ የገባለትን መኪና) ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም ማታ የኋላው ክፍል የውስጥ መብራት እንደ ኩራዝ ደብዝዞ ከቀረ፣ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይላችኋል፤ ባትሪ ሻጩማ ሳትጠይቁትም ይላል። በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በሰበታ በኩል ቆመው ባየኋቸው አሮጌ ካምፐሮች ላይ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው ከባትሪው ውጭ ነው፦ በላላ ዳዶ፣ በዛገ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ማሰሪያ)፣ ሸክሙን በማይችል ቀጭን ገመድ። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሳይለካ ምንም አይገዛ።

የማወራው ስለ ሁለት ዓይነት መኪና ነው። አንደኛው እዚሁ ወንበሩ ተነቅሎ አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ የገባለት አሮጌ ኮስተር ወይም ሚኒባስ ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር ተሠርቶ የመጣ የፋብሪካ ካምፐር ነው። የሁለቱም በሽታ ይመሳሰላል፤ በየዘመኑ የተለያየ ባለሙያ ገመድ ጨምሮባቸዋል፣ የጨመረው ሰው ደግሞ የመስመሩን ሥዕል ትቶ አልሄደም።

መጀመሪያ መስመሮቹን ለዩ

በካምፐር ውስጥ ሦስት መስመር አለ። አንዱ ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ ነው። ሌላው የኋላውን ቤት፣ ማለትም መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው ባትሪ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚሰካው 220 ቮልት ነው። ቤቱ ጨልሞ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ከተነሳ የፊቱን፣ ማለትም የሞተሩን ባትሪ አትንኩት፤ ችግሩ እዚያ የለም።

ቀጥሎ ስንት ቮልት እንደሆነ እወቁ። ሚኒባሶችና አብዛኞቹ የአውሮፓ ካምፐሮች 12 ቮልት ናቸው። ብዙዎቹ የናፍጣ ኮስተሮችና አይሱዙዎች ግን 24 ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተያይዞ ተቀጣጥለዋል። ሁለት ባትሪ ስላያችሁ ብቻ 24 ነው አትበሉ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ከታሰረ አሁንም 12 ነው። ባትሪው የወረደ ባለ 12 መኪና ከአይሱዙ በካቦ ሊነሳ ሲሞከር ቴፑም አምፖሉም በአንዴ ይቃጠላል። ስለዚህ ካቦ ከመዘርጋታችሁ በፊት የሰጪውን መኪና ባትሪ ለኩ፤ ሾፌሩ «12 ነው፣ አታስቡ» ቢላችሁም ለኩ።

ባለ 24 ኮስተር ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ በሽታ አለ። መኪናው ወደ ቤት ሲቀየር ገመድ የዘረጋው ሰው ለባለ 12 ቮልት መብራትና ለቴፕ ሲል ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ይስባል። ለጊዜው ይሠራል። ይሁንና ዲናሞው (በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ሁለቱን እንደ አንድ ባትሪ ስለሚሞላቸው፣ የሚሳብበት ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፣ ጓደኛው ከልክ በላይ ይሞላል። አንዱን ሰልፌት (ጎድሎ በሚቆይ ባትሪ ሊድ ላይ የሚጋገር ነጭ ነገር) ይይዘዋል፣ የሌላው ውሃ ይደርቃል። ባለቤቱም ሁለቱንም ይቀይርና ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ይመለሳል። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለያዩ ከመሃል የሚስብ ገመድ ፈልጉ። መፍትሔው ከሁለቱ ዳርና ዳር 24 ተቀብሎ 12 የሚያወጣ ኮንቨርተር ማስገባት ነው። ባትሪ መቀየር የግድ ከሆነም ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት ግዙ። አዲስን ከአሮጌ ጋር ማጣመር አዲሱን በቶሎ ማስረጀት ነው።

ዕቃና ጥንቃቄ

ዲጂታል ቴስተር (ቮልትና አምፒር መለኪያ)፣ 10 እና 13 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ ትርፍ ፊውዝ፣ ሁለት ገመድ የተበየደለት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል (መኪናው 24 ከሆነ አምፖሉም የ24 ይሁን)። ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ የኋላው ባትሪ አልጋ ሥር ከሆነ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቱቦ ይኑረው፣ ቻርጅ እየተደረገም የቡና ከሰል እዚያ አጠገብ አይቀጣጠል።

አንደኛ፦ ዓይን፣ እጅ፣ ከዚያ ቴስተር

የባትሪውን ገመድ መያዣ በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። ከዞረ ላልቷል፤ ሥራው እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ ፈታችሁ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ሙቅ ውሃ በብሩሽ እጠቡት፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጠበቁ። አድርቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት አብሩት፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው።

ከዚያ ቮልቱን ለኩ፤ ጊዜው ጠዋት ነው፣ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ምንም ሳይበራ። አሁን ከቻርጅ የወጣ ባትሪ ለሰዓታት የውሸት ቁጥር ያሳያል። ለተራው ባለ አሲድ ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው፤ ከ11.8 በታች ባዶ ነው። ለ24 እጥፉን ያዙ። የኋላው ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራበትም።

ሙሉ ቮልት ያሳየ ባትሪ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ የሚታወቀው ሥራ ላይ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ እናንተ የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ላይ ያዙ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ሲያዞር ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አልሞላም፤ አስሞልታችሁ ድገሙት። ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ደህና የመሰለው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሊከዳ ስለሚችል ፍተሻውን በሚከዳበት ሰዓት አድርጉት። ናፍጣው ሞተር በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ እያወጣ አልነሳም ካለ ግን ባትሪውን ተዉና ካንዴሌታዎቹን (ናፍጣው እንዲቀጣጠል ቀድመው የሚያሞቁትን) እዩ።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ሃይድሮሜትር (የአሲዱን ክብደት የሚለካው ዕቃ) የበለጠ እውነት ይናገራል። የሙሉ ባትሪ አሲድ 1.265 አካባቢ ያነባል። ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ በ0.050 ካነሰ ያ ክፍል አልቋል፤ እንግዲህ ባትሪው በእውነት ይቀየር። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። «ትንሽ አሲድ ልጨምርበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ክዳኑን ዝጉበት፤ የጎደለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ማሳ

አሮጌ መኪና ላይ ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ቦታ ይህ ነው። ኤሌክትሪኩ በፖዘቲቩ ገመድ ሄዶ የሚመለሰው በመኪናው ብረት በኩል ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ከሻንሲ ወደ ሞተር የሚሄዱት ገመዶች፣ እነሱን የያዙት ብሎኖችም፣ ከዝገትና ከክረምት ጭቃ ጋር ዓመታት ኖረዋል። ማሳ ሲበላሽ ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ብልጭ ይላል፣ የውሃ ፓምፑ ሲነሳ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ክሩስኮቶው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ መብራት ስታበሩ ከፍ ይላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ በራሱ በሊዱ ላይ እንጂ በመያዣው ላይ ሳይሆን፣ ያዙ። ቀዩን ጫፍ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙር። ቁጥሩ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማሳው ጤነኛ ነው፤ ከ0.5 ካለፈ መንገዱ ላይ የሚያግድ ነገር አለ። ቀዩን ጫፍ ወደ ሻንሲው፣ ከዚያ ወደ መያዣው እያመጣችሁ ድገሙ። ቁጥሩ በድንገት የቀነሰበትን ቦታ ስታገኙ በሽታው እዚያና ካለፋችሁት ነጥብ መካከል ነው። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ አድርጉ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን፣ ሞተሪኖው እየዞረ፣ ከ0.5 መብለጥ የለበትም።

ለኋላው ቤት ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። መብራቱንና ፓምፑን አብሩ፣ ከኋላው ባትሪ ኔጌቲቭ ራስ እስከ ራሱ መብራቱ ኔጌቲቭ ለኩ። እዚህ ተደጋግሞ የሚገኘው አንድ ነገር ነው። ገመዱን የዘረጋው ሰው የማሳውን ቀለበት ወለሉ ሥር በቀለም ላይ አስሮታል። ከውጭ ሲታይ ዳዶው ጠብቋል፣ ቀለበቱም ያብለጨልጫል። ዳዶውን ስትፈቱት ግን ከቀለበቱ ሥር ቀለሙ እንዳለ ነው፣ ዙሪያውን ቡናማ የዝገት ዱቄት ይረግፋል፤ እስከ አሁን ኤሌክትሪኩን ያሳለፈው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቁት፣ ቀለበቱንም ፋቁ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ እሰሩ፣ ከዚያ ከላይ ግራሶ ወይም ቀለም ቀቡ። ናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ሁሉ ይፈታ። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ቀዩ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡ፤ ቀይ ካልመጣ ገመዱ በሙሉ ይውጣ።

ከሞተሩ ወደ ሻንሲ ሁለተኛ ወፍራም የማሳ ገመድ መጨመር ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይጠቅማል። ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛ፦ ዲናሞ

ሞተሩን አስነሱ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጡት፣ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 (በ24 ከ27.6 እስከ 28.8) ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላው ነውና አትንዱት። ከ13.2 በታች ከሆነ ዲናሞውን ከማስፈታት በፊት ቺንጊያውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) በጣት ተጫኑት፤ ላልቶ ወይም ጎኑ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ከሆነ ይንሸራተታል። ከዚያ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ወፍራም ገመድ እዩ። ሁሉም ደህና ከሆነ ዲናሞው ይፈታ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ነው፣ ካርቦን ደግሞ ለብቻው ይቀየራል።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚል ፍተሻ አሁንም በየጋራዡ አለ። ፈጽሞ አትፍቀዱ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ይዘላል፤ የዲናሞውን ዳዮዶች (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን)፣ ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ወደ 220 የሚቀይረውን) እና የሶላሩን ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን የሚቆጣጠረውን) ይዞ ሊሄድ ይችላል። ላሜራ ሲበየድም ሁለቱም ባትሪዎች መጀመሪያ ይነቀሉ።

አራተኛ፦ የኋላው ባትሪ ለምን አይሞላም

ሞተሩ እየሠራ ሁለቱንም ባትሪ ለኩ። ፊት 14.2፣ ኋላም ወደዚያው ከተጠጋ ማገናኛው ሪሌ ይሠራል። ኋላ 12.3 ላይ ከቆመ ሪሌው አልዘጋም ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል። ኋላ 13 አካባቢ ከሆነ ግን ገመዱ ቀጥኗል። ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በሜትር 0.007 ኦም ያህል ያግዳል። ደርሶ መልስ 12 ሜትር ከሆነና 20 አምፒር ከሄደበት 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በተረፈው ባትሪ አይሞላም። በባለ 25 ገመድ ኪሳራው 0.17 ብቻ ነው። የቤት ሽቦ ዘርግተው የሄዱ ሰዎችን ሥራ ማፍረስ ያናድዳል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። በአዲሱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ፣ ባትሪዎቹ አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባ።

በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራውን አሮጌ ማቀዝቀዣ በባትሪ አቁማችሁ አትተዉት። 120 ዋት የሚስብ ከሆነ ከ12 ቮልት ባትሪ 10 አምፒር ይወስዳል፤ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ5 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል። እየነዳችሁ በባትሪ፣ ስትቆሙ በጋዝ፣ መኪናውም ሜዳ ላይ ተስተካክሎ ይቁም።

አምስተኛ፦ ሌሊት የሚበላው

ማታ ሙሉ የነበረ ጠዋት ጎድሎ ከተገኘ አንድ ነገር እየሳበ ነው። ሁሉን አጥፉ፣ በር ዝጉ፣ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ ቴስተሩን በ10 አምፒር ቀዳዳ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል አስገቡ። በዚህ ጊዜ ቁልፍ አይነካ፤ ሞተር ለማስነሳት የሞከረ ሰው የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። 0.05 አምፒር እና ከዚያ በታች ምንም አይደለም። 0.5 ከሆነ በቀን 12 አምፒር ሰዓት ይሄዳል፤ ባለ 100 ባትሪ በ4 ቀን ውስጥ ግማሽ ይሆናል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወደቀበት ፊውዝ መስመሩን ያሳያችኋል። ቀድሞ የሕዝብ ማመላለሻ በነበረ ኮስተር ላይ የተረሳ ጂፒኤስ ይገኛል፤ ሌላው ምንም ሳይሰካበት በርቶ የሚያድር ኢንቨርተር ነው። ፊውዙ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወደቀ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ፍቱ፤ ያኔ ከወደቀ ዳዮዱ እያፈሰሰ ነው።

ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግር

በ10 ፋንታ 30 ማስገባት ወይም የሲጋራ ብር መጠቅለል ገመዱን ፊውዝ ማድረግ ነው፤ በእንጨትና በስፖንጅ የተሞላ መኪና ውስጥ ይህ እሳት ነው። ሁለት ገመድ የተበየደላትን ባለ 21 ዋት አምፖል አምጡ። የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥታችሁ ሁለቱን ገመዶቿን በቦታው አስገቡ፣ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ አጥፉ። አምፖሏ ቦግ ብላ ከበራች ሾርቱ አለ። አሁን ፊውዝ ሳታባክኑ ገመዱን ከጫፍ ጫፍ እየነካካችሁ ሂዱ፦ በር ማጠፊያ ላይ፣ ላሜራ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ፣ ከአልጋው ብሎን ሥር። አምፖሏ ስትደበዝዝ ወይም ብልጭ ድርግም ስትል እጃችሁ ያለበት ቦታ ነው።

ስለ 220 እና ስለ ሶላር ባጭሩ

ከውጭ ስትሰኩ የመኪናውን በር ስትነኩ የሚነዝር ከሆነ ወዲያው ንቀሉ፤ የምድር ገመድ (አርዝ) የለውም ወይም ሽቦ ቦዲውን ነክቷል። 30 ሚሊአምፒር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ሳይኖር በውጭ መስመር መኖር አይገባም። ከአሜሪካ የመጣ ካምፐር 120 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ጄኔሬተር የገዛችሁ እንደሆነ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ከአቅሙ ሩብ ያህል እንደሚያጣ አስቡ፤ ባለ 2 ኪሎዋቱ 1.5 ይሆናል።

ሶላር ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ብዙ አይጠበቅበትም። በጠራ ፀሐይም ካልሞላ ፓኔሉን አጥባችሁ ከኮንትሮለሩ ነቅላችሁ ለኩት፤ ባለ 12 ቮልት ፓኔል ብቻውን ከ18 እስከ 22 ያሳያል። ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዚያ ፓኔሉን አገናኙ።

ባትሪ መግዛት የግድ ሲሆን

ሁሉ ተፈትሾ ባትሪው ራሱ ከወደቀ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ከቤት አጠገብ። ሳትከፍሉ ለኩ፤ ከ12.4 በታች ያነበበ «አዲስ» ባትሪ መደርደሪያ ላይ ከርሟል። ከላይ የተመታውን የምርት ጊዜ እዩ። ለኋላው ቤት የሞተር ማስነሻ ባትሪ አትግዙ፤ ቀስ በቀስ ለመሳብ የተሠራውን ዲፕ ሳይክል ጠይቁ። አሮጌውን ለሻጩ ስታስረክቡ ዋጋ ይቀነስላችኋልና አትርሱት።

መኪናው ክረምቱን ግቢ ውስጥ የሚቆም ከሆነ የሁለቱንም ባትሪ ኔጌቲቭ ፍቱ፣ በወር አንዴ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ በዚያው ጊዜ እያንዳንዱን የፊውዝ መስመር በማይለቅ ቀለም ጻፉበት፦ «ፓምፕ»፣ «የአልጋ መብራት»፣ «ምን እንደሆነ ያልታወቀ»። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው።